መልስ፦ ነጭና ነጭ በግ እንዴት ጥቁር ግልገል ወለዱ?

አውራ በግህም እናቲቱም የጥቁር ቀለሙን ጂን (ከወላጅ ወደ ልጅ ባሕርይ የሚያስተላልፈውን) ደብቀው ይዘዋል። ግልገሉ ከሁለቱም ስለወረሰው ጥቁር ሆነ። ጎረቤትህ «ሌላ አውራ አጥቅቷት (ተገናኝቷት) ነው» ያለህን በቀለሙ ብቻ አትመን።

እያንዳንዱ በግ የዚህ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። በበግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጩ ያሸንፋል። አንድ ነጭ ቅጂ ካለ በጉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ውስጥ ውስጡን ይተላለፋል። ሁለት እንዲህ ያሉ በጎች ሲገናኙ ጥቁር የመውለድ ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ይህ በየግልገሉ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ዘንድሮ ጥቁር ወጣ ማለት ቀጣዮቹ 3 ነጭ ይሆናሉ ማለት አይደለም።

«ሚውቴሽን (ድንገተኛ የጂን ለውጥ) ነው ወይ?» ላልከው፦ ቀለሙ መጀመሪያ የመጣው በሚውቴሽን ነው፣ ግን ድሮ። አንተ በረት ውስጥ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። እሱማ ቢሆን የመንዝ በርኖስ ጥቁር ሱፍ ከየት ይመጣ ነበር?

ግልገሉ ስለ ቀለሙ ምንም አይሆንም። አውራው ላይ ግን ተጠንቀቅ። እኔ ደብረ ብርሃን አካባቢ ሳረባ አንዱን አውራ ወድጄው 4 ዓመት አቆየሁት። የገዛ ልጆቹን ማጥቃት ጀመረ። ከዚያ ደካማ ግልገል ይወለድ ጀመር፣ አንዱ መንጋጋው የተጣመመ ነበር። የተደበቀ መጥፎ ጂንም ልክ እንደ ጥቁሩ ቀለም ነው፣ ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ ብቅ ይላል። ሴት ልጆቹ ለአውራ ሳይደርሱ ከሌላ መንደር ሰው ጋር አውራ ተለዋወጥ።