በሦስተኛው ቀን ለምን ባሰብኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነኝ። አዳማ ላይ የታችኛውን መንጋጋ ጥርሴን አስነቅዬ በማግስቱ ጉዞ ጀመርኩ። ሁለቱን ቀን ደህና ነበርኩ። በሦስተኛው ሌሊት ሚሌ ላይ ሕመሙ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። አፌም ይሸታል። ረዳቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ጉድጓዱ ላይ አደረገልኝ፤ አሁን ድዴም ተላጠ። በመስታወት ሳየው ጉድጓዱ ባዶ ነው። ሥር ቀርቶብኝ ይሆን? አሞክሳሲሊን ልግዛ?
(ሾፌሩ፣ ከሎጊያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልእክትህን ያነበብኩ ቀን ስለደወልኩልህ ዋናውን ሰምተሃል። እዚህ የምጽፈው እንዳንተው ሕመሙን ዋጥ አድርገው መንገድ ላይ ላሉት ነው።

በስልክ ሁለት ነገር ጠይቄህ ነበር። ሲጋራ ታጨሳለህ? «በቀን ግማሽ ፓኮ» አልከኝ። ውኃስ እንዴት ነው የምትጠጣው? «እየነዳሁ ከሃይላንዱ እየመጠጥኩ።» ከዚያ በኋላ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ በደም ይሞላል፤ ደሙም ይረጋል። ያ የረጋ ደም የአጥንቱ ፋሻ ነው። ጭሱ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፤ መምጠጥና በኃይል መትፋት ደግሞ የረጋውን ደም ሊነቅለው ይችላል። ፋሻው ሲነሳ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ቀዝቃዛ ውኃ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ አየሩ ሳይቀር ይነካዋል። እኛ ድራይ ሶኬት እንለዋለን፤ ደረቅ ጉድጓድ ማለት ነው። በታችኛው መንጋጋ ይበዛል። የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶችንም ከሌላው ይልቅ ያጠቃል።

ደህና የሚድን ቁስል የመጀመሪያዎቹን ቀናት አሞ ከዚያ ዕለት ዕለት ይቀንሳል። ቀንሶ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ከባሰ ቤት ውስጥ ሊቻል የሚገባው ሕመም አይደለም። ወደ ነቀለው ሐኪም፣ እሱ ከራቀ ወደ ቅርቡ ሂዱ። ሥር ቀርቶ እንደሆነም ራጅ ይለየዋል።

አሞክሳሲሊኑን አትግዛ። ይህ ሕመም አጥንቱ ልብሱን አጥቶ የሚጮኸው ነው፤ አንቲባዮቲክ አይሸፍነውም። ትኩሳት፣ ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም አፍ ለመክፈት መቸገር ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፦ ረዳትህ አዝኖልህ ነው። ግን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል። የተፈጨ አስፕሪንም፣ አረቄም እንዲሁ። የተላጠው ድድህ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል፤ እስከዚያ ሚጥሚጣና ዳጣ ይቅርብህ። እናቴ ጥርሷን ሲያማት ቅርንፉድ ትነክስ ነበር። እውነቷን ነው፤ እኛም ጉድጓዱን የምንሞላበት መድኃኒት የቅርንፉድ ዘይት አለበት። ተመጥኖ ሲገባ ያደነዝዛል፤ ንጹሁን ዘይት ቁስል ላይ ማፍሰስ ግን እሱም ያቃጥላል።

ሰመራ አካባቢ ሄደህ ታጥቦልህ፣ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ ገብቶልህ ያን ሌሊት እንደተኛህ ስትነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። አብዛኛው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ይቀለዋል።

አሁን ጋቢናህ ውስጥ የሚያስፈልግህ ጨው ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሟሟ። ከምግብ በኋላ አፍህ ውስጥ ያዘው፤ ከዚያ ጎንበስ ብለህ ዝም ብሎ ይፍሰስ፣ አትትፋው። (ጥርስ ገና ዛሬ ያስነቀለ ሰው ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ አይጉመጥመጥ።) ጨጓራ እንዳለብህ ስለነገርከኝ አይቡፕሮፌን ይቅር። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራሙን ሁለት ሁለት ዋጥ፤ በመሃሉ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይለፍ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ አትለፍ። መፋቂያህን በሌሎቹ ጥርሶች ተጠቀምበት፣ ወደዚያ ጎን አታድርሰው። ሲጋራውን ቢያንስ ቁስሉ እስኪድን እባክህ ተወው።

ጉድጓዱ ውስጥ ነጣ ያለ ስስ ነገር ታያለህ። መግል መስሎህ በስንጥር እንዳትጎረጉረው፤ እየዳነ ያለ ሥጋ ነው። ድዱ በሦስት ሳምንት ገደማ ይገጥማል፣ የውስጡ አጥንት ወራት ይፈጅበታል።

ያ ጨርቅ ግን ውስጥ መቅረት የለበትም። አዳማ ስትደርስ፣ እንደገና ለመጫን ከመውረድህ በፊት፣ አስወጣው።