«ሹር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በኋላ ምን ይከተላል? ጥያቄና መልስ

እርግጠኝነትን የሚገልጸው «ሹር» ከዕለት ተዕለት የእንግሊዝኛ ንግግር የማይታጣ ቅጽል ቢሆንም፣ መስተፃምር ወይም ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ሲከተለው ቋንቋውን ለዓመታት የተማረውንም ሰው ያደናግራል። በዚህ ቃል ላይ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር እነሆ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን በፊደላችን ጽፌ ትርጉማቸውን አስከትያለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። «አይ አም ሹር ዛት ሂ ዊል ካም» በሚለው ውስጥ «ዛት» ግዴታ ነው? አንዳንዱ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ይተወዋል።

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። «እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ» ለማለት «አይ አም ሹር ሂ ዊል ካም» ቢሉ ምንም አይጎድልም፤ በንግግርማ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ይኸው ነው። በጽሑፍ ግን አንድ ቦታ ላይ እንዳይተዉት እመክራለሁ፤ እርሱም ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በ«ኤንድ» ተያይዘው ሁለቱም የ«ሹር» ጥገኛ ሲሆኑ ነው። «አይ አም ሹር ዛት ሂ ሌፍት ኤንድ ዛት ሺ ስቴይድ» ሲባል፣ የእሱን መሄድም የእሷን መቅረትም እርግጠኛ ሆኜ እየተናገርሁ ነው። ሁለተኛው «ዛት» ከወጣ ግን አንባቢው የእሷን መቅረት ከእርግጠኝነቴ ውጭ የቆመ ሌላ ወሬ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከ«ዛት» በፊት ነጠላ ሰረዝ አይገባም።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። «ማለፉን እርግጠኛ ነኝ» ለማለት «አይ አም ሹር ኦፍ ዛት ሂ ፓስድ» ብዬ ብጽፍ ስህተት ነው ተባልሁ። «ሹር» ከ«ኦፍ» ጋር ይሄድ የለም እንዴ?

መልስ፦ ይሄዳል፣ ወንድሜ፤ ነገር ግን «ኦፍ» መስተዋድድ ስለሆነ ከኋላው የሚፈልገው ስም ወይም እንደ ስም የሚያገለግል «ኢንግ» ያለበት ግስ ነው፤ በ«ዛት» የሚጀምር ጥገኛ ዓረፍተ ነገር አይቀበልም። እንግዲህ ወይ «ሹር ኦፍ ሂስ ሰክሰስ» ትላለህ፣ ወይ «ኦፍ»ን ጥለህ «ሹር ዛት ሂ ፓስድ» ትላለህ። ያሳሳተህ አማርኛችን ይመስለኛል፤ «ማለፉን» ስንል ዓረፍተ ነገሩን ወደ ስም ለውጠነዋልና፣ ያ ስም በእንግሊዝኛውም መስተዋድድ የሚሻ ይመስላል። «አይ አም ሹር ኦፍ ዛት» የሚል አጭር መልስ ሰምተህ እንደሆነ ግን አትደናገር፤ እዚያ ያለው «ዛት» መስተፃምር ሳይሆን «ያ» የሚል ተውላጠ ስም ነው። «ዋት»ን ከመሰሉ የጥያቄ ቃላት በፊትም «ኦፍ» መግባት ይችላል፤ «ሹር ኦፍ ዋት ሂ ሴድ» ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ሰነዶችን ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እተረጉማለሁ። «ይምጣ አይምጣ እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለውን አንዳንዴ በ«ኢፍ»፣ አንዳንዴ በ«ዌዘር» እጽፈዋለሁ። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ በመሠረቱ ሁለቱም ይሠራሉ፤ «አይ አም ኖት ሹር ኢፍ ሂ ዊል ካም» በንግግር ይበዛል፣ «ዌዘር» ደግሞ ለመደበኛ ጽሑፍ ይመረጣል። ነገር ግን «ዌዘር» ብቻ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛው «ቱ» ያለበት ግስ ሲከተል ነው፤ «ልሂድ አልሂድ እርግጠኛ አይደለሁም» ለማለት «ኖት ሹር ዌዘር ቱ ጎ» ይባላል፣ «ኢፍ ቱ ጎ» ግን ፈጽሞ አይባልም። ሌላው «ኦር ኖት» ወዲያው ሲከተል ነው፤ «ዌዘር ኦር ኖት ሂ ካምስ» ይሆናል እንጂ «ኢፍ ኦር ኖት» የሚል ነገር የለም። «ኦር ኖት» ወደ መጨረሻ ከተገፋ «ኢፍ»ም ይችለዋል።

ለተርጓሚ ግን ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የ«ኢፍ» ሁለት መልክ ነው። «ቴል ሚ ኢፍ ዩ አር ኖት ሹር» የሚለውን አጭር ትእዛዝ ይውሰዱ። «እርግጠኛ ካልሆንህ ንገረኝ» ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቅድመ ሁኔታ ስለሆነ እርግጠኛ የሆነው ሰው ዝም ይላል። «እርግጠኛ መሆን አለመሆንህን ንገረኝ» ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰው መልስ መስጠት አለበት። በውል ወይም በመመሪያ ውስጥ ይህ ብዥታ ክርክር ሊያስነሳ ይችላልና፣ የተፈለገው ሁለተኛው ከሆነ ያለማመንታት «ዌዘር» ብለው ይጻፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዌዘር» በተፈጥሮው የሚመጣው ከአሉታዊው «ኖት ሹር» ወይም ከ«አንሹር» በኋላ ነው። «አይ አም ሹር ዌዘር ሂ ኬም» የሚለው ለእንግሊዝኛ ጆሮ እንግዳ ነው፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ከሁለቱ አንዱን መርጧልና የሚያመዛዝነው ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ «የት እንዳለ እርግጠኛ አይደለሁም» ለማለት «አይ አም ኖት ሹር ዌር ኢዝ ሂ» ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። «ዌር ሂ ኢዝ» ይሁን። የጥያቄው ቃል ቢኖርም ዓረፍተ ነገሩ ጥያቄ መሆኑ ቀርቷልና ባለቤቱ ከግሱ ይቀድማል። «ዱ»፣ «ደዝ» እና «ዲድ»ም በተመሳሳይ ምክንያት ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ ስለ ሯጮች የስፖርት ዜና ስጽፍ «ሂ ኢዝ ሹር ቱ ዊን» እና «ሂ ኢዝ ሹር ኦፍ ዊኒንግ» የሚሉትን እያቀያየርሁ እጠቀም ነበር። አንድ ባልደረባዬ ትርጉማቸው ይለያያል አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ እርግጠኛ የሆነው ሰው የተለያየ ነው። «ሹር ቱ ዊን» ሲሉ እርግጠኛው ጸሐፊው ነው፤ ሯጩ «ያሸንፋል፣ አይቀርለትም» እያሉ ነው፣ እሱ ራሱ በፍርሃት እየተንቀጠቀጠ ሊሆን ይችላል። «ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ወይም «ሹር ዛት ሂ ዊል ዊን» ሲሉ ግን እርግጠኛው ሯጩ ነው፤ እርስዎ እንደሚያሸንፍ ላያምኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከውድድሩ በፊት በነበረው ምሽት በልበ ሙሉነት ተናግሮ በማግስቱ የተሸነፈን ሯጭ «ሂ ዎዝ ሹር ኦፍ ዊኒንግ» ብለው ቢጽፉለት እውነት ነው፤ «ሂ ዎዝ ሹር ቱ ዊን» ካሉ ግን የተሳሳተው ግምት የእርስዎ ይሆናል።

በዚህ መሠረት «ሹር ቱ» ሕይወት በሌለው ነገርም ላይ ይነገራል። «ኢት ኢዝ ሹር ቱ ሬይን»፣ ማለትም «መዝነቡ አይቀርም»፣ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፤ ዝናብ ራሱ እርግጠኛ ሊሆን ስለማይችል እርግጠኝነቱ የተናጋሪው መሆኑ ግልጽ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ «መምጣቱ እርግጥ ነው» የሚለውን «ኢት ኢዝ ሹር ዛት ሂ ዊል ካም» ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ አይመከርም፤ እዚህ ቦታ ላይ እንግሊዝኛ የሚመርጠው «ሰርተን» የተባለውን ቅጽል ነው፤ «ኢት ኢዝ ሰርተን ዛት ሂ ዊል ካም»። በብዙ ሌላ ቦታ «ሹር» እና «ሰርተን» እንደ መንትዮች ይተካካሉ፤ ባለቤቱ ባዶው «ኢት» ሆኖ «ዛት» ሲከተል ግን «ሹር» ወደኋላ ይላል። የኛ «እርግጠኛ» ለሰው፣ «እርግጥ» ለነገሩ መነገሩን እያሰቡ ቢይዙት በቀላሉ ይታወስዎታል።

ጥያቄ፦ የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ከልጄ ትምህርት ቤት በሚመጡ ወረቀቶች ላይ «ሜክ ሹር ዩ ሳይን» እና «ቢ ሹር ቱ ሳይን» ይጻፋል፤ አንዲት አስተማሪ ደግሞ «ቢ ሹር ኤንድ ሳይን» ስትል ሰምቻለሁ። ይህ «ኤንድ» ከየት መጣ?

መልስ፦ ሦስቱም «መፈረምዎን እንዳይረሱ» ማለት ናቸው። «ቢ ሹር ኤንድ» የንግግር ቋንቋ ነው፤ «ኤንድ» እዚያ ቦታ ላይ የ«ቱ»ን ሥራ ይሠራል እንጂ ሁለት ነገሮችን አይደምርም፤ በ«ትራይ ኤንድ» የሚታየውም ይኸው ነው። የሚሠራውም ግሱ መልኩን ሳይቀይር ሲቀር ብቻ ነው፤ «ሂ ዎዝ ሹር ኤንድ ሳይንድ» ቢባል ያ ፍቺ ይጠፋል። እርስዎ መልስ ሲጽፉ ግን «ቱ»ን ይጠቀሙ።

ከ«ሜክ ሹር» በኋላ የሚመጣውን ጊዜ ደግሞ ልብ ይበሉ። ድርጊቱ የነገ ቢሆንም ግሱ በአሁን ጊዜ ይቆማል፤ «ሜክ ሹር ዩ ሎክ ዘ ዶር» ይባላል፣ «ዩ ዊል ሎክ» አይባልም። «አይ አም ሹር» ግን «ዊል»ን ይፈልጋል፤ «አይ አም ሹር ዩ ዊል ሎክ ዘ ዶር»። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው፣ ሁለተኛው ትንበያ ነው፤ የብዙ ተማሪዎቼ ስህተት ሁለቱን ከማደባለቅ ይመጣ ነበር።

ጥያቄ፦ ዓረፍተ ነገር በ«ሹር» ብቻ ተጀምሮ «በት» ሲከተልስ?

መልስ፦ የኛው «እርግጥ ነው... ግን» ነው። «ሹር፣ ኢት ኢዝ ኤክስፔንሲቭ፣ በት ኢት ላስትስ»፤ «እርግጥ ነው፣ ውድ ነው፤ ግን ይበረክታል።» ተናጋሪው ለተከራካሪው አንዷን ነጥብ ይለቅና ዋናውን በ«በት» ያስቀራል። ለንግግር ያምራል፤ ለጥናታዊ ጽሑፍ ቀለል ይላል።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ፈረንጅ ነው። ያቀረብሁትን ዕቅድ አይቶ «አይ አም ኖት ሹር ዛት ዚስ ዊል ዎርክ» አለኝ። እየተጠራጠረ መስሎኝ ሥራውን ቀጠልሁ፤ በኋላ ግን ቅር እንዳለው ሰማሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቃሉን በቀጥታ ተረድተውታል፤ ሰውየው ግን «አይሠራም» ማለቱ ነበር። ከ«ኖት ሹር» በኋላ «ዌዘር» ወይም «ኢፍ» ሲመጣ በአብዛኛው ተናጋሪው በእርግጥ አላወቀም፤ «ዛት» ሲመጣ ግን፣ በተለይ በሥራ ቦታ፣ በትሕትና የተሸፈነ ተቃውሞ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በተቃራኒው «አይ አም ሹር ዩ አር ታየርድ» የሚል ሰው ድካምዎን በዓይኑ ያየ ላይሆን ይችላል፤ «ደክሞህ ይሆናል» ብሎ መገመቱ ነው፤ የሚያውቅማ «ዩ አር ታየርድ» ብሎ ይጨርሰዋል። ለአለቃዎ ዛሬውኑ «የትኛው ክፍል ነው ያላሳመነዎት?» የሚል አጭር ደብዳቤ ይላኩለት፤ ምክንያቱን ሳይነግርዎት አይቀርም።