«ማስተማሩን ልተውና ለልጆች ልጻፍ?»

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የማነብላቸው መጽሐፍ ሲያጥረኝ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ፤ አሁን ስድስት ተረቶች አሉኝ። ልጆቹ ይወዱልኛል። ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ለጽሑፍ ብሰጥ ምን ይመክሩኛል? ሙያውንስ የት ልማር? አዋቂ ሰው ፊት ቆሞ ማንበብ በጣም ያስፈራኛል። በቅርቡ ደግሞ በውጭ አገር ለሚካሄድ የልጆች ደራስያን ጉባኤ «ተመርጠሻል» የሚል ኢሜይል ደርሶኛል፤ መመዝገቢያ 350 ዶላር ይጠይቃል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ገንዘቡን አትላኪ። ጉባኤ መመዝገቢያ ማስከፈሉ በራሱ ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የልጆች መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓልያን ማኅበርም ለጉባኤዎቹ ያስከፍላል። እዚያ ግን ሰው የሚሄደው ራሱ ፈልጎ፣ ማን ምን እንደሚያስተምር አይቶ ነው። አንድ ገጽ እንኳ ሳያነብልሽ «ተመርጠሻል» የሚልሽ ሰው ያየው ኪስሽን ነው። ጣሊያን ቦሎኛ ላይ ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው ትልቁ የልጆች መጻሕፍት ትርኢትም ቢሆን በዋናነት አሳታሚዎች የመጻሕፍት የማሳተም መብት የሚገዙበትና የሚሸጡበት ገበያ ነው። ለአንቺ ጊዜው ገና ነው።

ማስተማሩን አትተዪ። ምክንያቱ ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ ቢሆንም የገንዘቡን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው። አገራችን ውስጥ የልጆች መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተመው በደራሲው ገንዘብ ነው። ባለቀለም ሥዕል ሲኖረው ወጪው ከልቦለድ ይብሳል። ወረቀቱ የሚገባው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኅትመት ዋጋ የት እንደደረሰ አንድ ማተሚያ ቤት ብትጠይቂ ይነግሩሻል። ጥቂት ቅጂ ካሳተምሽ የአንዱ ዋጋ ይሰቀላል፤ ብዙ ካሳተምሽ መኝታ ቤትሽ መጋዘን ይሆናል። መጻሕፍት መደብሩ በአደራ ተቀብሎ ድርሻውን ይቆርጣል፤ የተሸጠውን ሒሳብ ለመቀበል አንቺ ትመላለሻለሽ። ወላጁ ደግሞ ቀጭኗን መጽሐፍ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ለዚች ነው ይህ ሁሉ ብር?» ይልሻል። በአማርኛ ለልጆች ጽፎ ከመጽሐፉ ሽያጭ ብቻ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው እኔ አላውቅም።

የሚኖሩት በዙሪያው ባለው ሥራ ነው። አባባ ተስፋዬን እናስታውስ፦ ተስፋዬ ሣህሉ የቴአትር ሰው ነበሩ፤ 40 ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት የነገሩትም መድረክ ያስተማራቸውን ይዘው ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ ነበር። በብዙ ቋንቋ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ባለበት መደርደሪያ ላይ አማርኛ ሲያጡ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ተረት አሳተሙ፤ ቀጥሎም አገር ቤት ተመልሰው አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ እንዳንቺው የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፤ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት የመጣው ከዚያ ነው። ሦስቱንም ለዚህ ያበቃቸው አስቀድሞ የያዙት ሥራ ነበር።

የሙያውን ጉዳይ ሳስብ ያለሽ ሀብት የሚያስቀና ነው። ስንት ደራሲ ነው በየቀኑ አንድ ክፍል ሙሉ የሰባትና የስምንት ዓመት አንባቢ የሚያገኘው! ልጅ ደግሞ ይሉኝታ አያውቅም፤ ከሰለቸው እርሳሱን ይቀርጻል፣ ጎረቤቱን ይነካካል። ረቂቁን ስታነቢ ዓይናቸው ከአንቺ የተነሣበትን ቦታ ወዲያው በእርሳስ ምልክት አድርጊበት፤ ማታ ያን ቦታ አሳጥሪ ወይም አውጪ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ልጆቹ «ይወዱልኛል» ያልሽው ግማሹ የአንቺ ድምፅ ነው፤ ፊትሽ፣ እጅሽ፣ እነሱን ማወቅሽ ነው። መጽሐፉ ሲታተም አንቺ አብረሽው አትሄጂም። ስለዚህ ጽሑፉን ለሌላ ክፍል መምህር ስጪና ኋላ ተቀምጠሽ ስሚ። እሱ የተደናቀፈበት ዓረፍተ ነገር ያንቺ ጥፋት ነው፤ ቀና አድርገሽ እንዳታስረጂው፣ አፍሽን ያዢ።

ልጁ ራሱ እንዲያነበው ከሆነ ሌላ ሥራ አለ። ለእኛ «ስላልተመለሰላቸው» አንድ ቃል ነው። ፊደል እየቆጠረ ለሚያነብ ልጅ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል። እንዲህ ያሉትን ግሦች ወደ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች በትኛቸው። የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል በጽሑፍ አይለይምና «ገና» በዓሉ ይሁን ጊዜው ከአጠገቡ ባለው ቃል መታወቅ አለበት። ሥዕሉ የሚያሳየውን ደግሞ ቃል አይድገመው፤ ፍየሏ ጥቁር መሆኗን ሠዓሊው ይናገረዋል። በብዙ አገር የሥዕል መጽሐፍ 32 ገጽ የሚሆነው አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው ነው፤ የእኛም ማተሚያ ቤቶች የሚያጥፉት ያንኑ ወረቀት ነው። ተረትሽን በገጽ ከፋፍለሽ፣ ወረቀት አጥፈሽ በእጅሽ የምትገለጥ ናሙና ሥሪ። ልጁ ገጽ የሚገልጥበትን ምክንያት በየገጹ መጨረሻ ካላገኘሽ ተረቱ ገና አልበሰለም።

ደግሞ እባክሽ፣ መጨረሻ ላይ «ልጆች፣ ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚለውን አውጪው። መምህር ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በዚህ ይታወቃል፤ ትዕግሥቴን የሚፈታተነኝም ይኸው ነው።

ስለ ፍርሃቱ ብዙ አልልም። «ተረት ተረት» ስትዪ «የላም በረት» የሚል አድማጭ ፊት በየቀኑ የምትቆሚ ሰው ነሽ። አዋቂ ከከበደሽ በወላጆች ቀን ልጆቹን ከፊት አስቀምጠሽ ለእነሱ አንብቢ፤ ወላጆቹ ከኋላ ይስሙ። ስለ ራስሽ የሚያስረዳ ረጅም መግቢያ አያስፈልግም፤ ቀጥታ ወደ ተረቱ ግቢ። ከዚያ በሌላ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ በከተማው ቤተ መጻሕፍት።

የት ልማር ላልሽው፦ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅዳሜ ደርሶ መልስ ይቻላል። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የሚያዘጋጃቸውን መድረኮችና በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በወመዘክር የሚካሄዱ የመጻሕፍት ውይይቶችን ተከታተዪ። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄደሽ የልጆች መጻሕፍቱ መደርደሪያ አጠገብ ተቀመጪ፤ ልጅ የትኛውን አንሥቶ የትኛውን እንደሚመልስ ማየት ራሱ ትምህርት ነው። ማንን እንደምትጠይቂም እዚያው ይገባሻል። የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ደራሲውን ከከበበው ሰው ይልቅ ጥግ የቆመውን ሠዓሊና አርታኢ አነጋግሪ። ኮድ ኢትዮጵያ የልጆች መጻሕፍት በማሳተምና የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን በመደገፍ የቆየ ድርጅት ነው፤ ጽሑፍ መቼና እንዴት እንደሚቀበሉ ጠይቂያቸው። ከደቡብ አፍሪካ የሚመራው አፍሪካን ስቶሪቡክ በኢንተርኔት ነፃ የልጆች ታሪኮችን በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ያወጣል፤ ገንዘብ ባይገኝበትም የታተመ ሥራ ማሳያ ይሆንሻል። የውጭ ድርጅቶች የንባብ ፕሮጀክት ጸሐፊ የሚቀጥርበት በር ግን የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተዘጋ ወዲህ ጠቧል፤ እሱን ተማምነሽ ሥራ አትልቀቂ።

አሁን ስድስቱን አትያዢ። ሁለቱን መርጠሽ እስከ ክረምት አስተካክዪ፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ደግሞ ናሙናውን ይዘሽ አንድ ሠዓሊና ሁለት ሦስት ማተሚያ ቤት አነጋግሪ። ከሠዓሊው ጋር ጓደኛ ብትሆኑም በጽሑፍ ተዋዋሉ፦ ክፍያው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ከሽያጭ በመቶኛ? ሁለተኛ እትም ሲወጣስ? ሥዕሉን ለቴሌቪዥን ወይም ለዩቲዩብ መጠቀም ይቻላል? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ድርሰትሽ ጥበቃ የሚያገኘው ሳይመዘገብም ነው፤ ኢኮኖሚያዊ መብቱም በሕይወት ዘመንሽና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይኸው አዋጅ ግን ሠራተኛ በሥራ ውሉ የሚያዘጋጀው ሥራ፣ በውል ሌላ ካልተባለ፣ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ነው ይላል። ተረቶቹ ለክፍል የተጻፉ ናቸውና መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የግል ድርሰቶችሽ መሆናቸውን የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ አስፈርሚ። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሎት የሚፈርመው አሁን፣ ገና ገንዘብ ሳይገባ ነው።