የለማዳ አይጦች ኬጅና ሽታው፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ሦስት ወንድ አይጦች አሉኝ። በየሁለት ቀኑ ኬጁን ባዶ አድርጌ በበረኪና አጥባለሁ፤ ጉዝጓዙንም እንዳለ እቀይራለሁ። በማግስቱ ግን ያው የሚሰነፍጥ ሽታ ይመለሳል። ምን ጎድሎኝ ነው?

መልስ፦ የጎደለ ነገር የለም፤ ችግሩ ጽዳቱ መብዛቱና ሁሉም በአንዴ መሆኑ ነው። አይጥ ቤቱን የሚለየው በሽታው ነው። በሚሄድበት ሁሉ የሽንት ጠብታ እየተወ ያልፋል፤ ወንዶቹ ደግሞ ከሴቶቹ ይብሳሉ። እርስዎ ሁሉንም አጥበው ሲመልሱ ከራሳቸው ሽታ የቀረ ነገር ስለማያገኙ፣ መደርደሪያውንም መተኛውንም እንደ አዲስ ምልክት ያደርጉበታል።

ሁለተኛው ምክንያት እጥበቱ ያልደረሰበት አሮጌ ሽንት ነው። ትኩስ ሽንት ያን ያህል አይሰነፍጥም። በውስጡ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲሰባብሩት አሞኒያ ይወጣል፤ አፍንጫ የሚይዘው እሱ ነው። ይህ የሚሆነው እርጥበት፣ ሙቀትና ጊዜ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ሽንት የሚጠራቀምባቸውን ቦታዎች ይፈልጉ፦ የወለሉ ትሪ ከሽቦው ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ፣ የመደርደሪያው የታችኛው ገጽ፣ የሽቦዎቹ መጋጠሚያ፣ ቀለሙ የተላጠና የዛገ ሽቦ፣ ከሁሉም በላይ ያልተቀባ እንጨት። እንጨት አንዴ ሽንት ከጠጣ ውጭውን ቢፈትጉት ውስጡ አይጸዳም። ወይ በሚታጠብ ነገር ይሸፍኑት፣ ወይ በፕላስቲክ ይተኩት።

በረኪናውን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። በረኪና ከሽንት አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል፤ ከኮምጣጤ ጋር ከተደባለቀ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል። ለእርስዎም ለአይጦቹም አደጋ ነው።

በምትኩ ነጭ ኮምጣጤና ውኃ እኩል በእኩል ቀላቅለው በመርጫ ጠርሙስ ይያዙ። በየቀኑ የረጠበውን ጉዝጓዝ ብቻ እያነሱ ይጣሉ፤ መደርደሪያውን በኮምጣጤው ወልወል ያድርጉ፤ ደብቀው ያስቀመጡትን አትክልትና ፍራፍሬም ሳይበሰብስ ያውጡ። አይጥ ምግብ ማከማቸት ይወዳልና ማዕዘኑንና የመተኛውን ታች ማየት አይርሱ። በሳምንት አንዴ ከጉዝጓዙ ሁለት ሦስተኛውን ይቀይሩ፤ ከቀረው ደረቅ ጉዝጓዝ ጥቂቱን በአዲሱ ላይ በትኑት። መተኛ ጨርቃቸውን በዚያው ቀን አይጠቡ፤ ሁለት ሦስት ቀን አሳልፈው ይጠቡት። ሁልጊዜ አንድ ነገር የራሳቸው ሽታ እንዲኖረው ማድረግ ነው ዋናው ብልሃት።

ትሪውና ሽቦው በወር አንዴ ያህል በደንብ ይታጠቡ። ነጣ ያለ ቅርፊት ካዩ ከሽንቱ የቀረ የማዕድን ዝቃጭ ነው፤ ሳሙና አይነካውም። ያልተበረዘ ኮምጣጤ አፍስሰው ግማሽ ሰዓት ያቆዩት፣ በብሩሽ ይፈትጉት፣ በውኃ ያለቅልቁት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። እርጥብ ትሪ ላይ አዲስ ጉዝጓዝ ማፍሰስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ለባክቴሪያው የሚፈልገውን እርጥበት በገዛ እጅ መስጠት ይሆናል። ጓንት ያድርጉ፤ ዕቃውንም በወጥ ቤት ገንዳ አይጠቡ፤ የአይጥ ሽንት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊኖረው ይችላል። ደረቁን ጉዝጓዝ ከመዛቅዎ በፊት ውኃ ረጨት ቢያደርጉበት አቧራው አይነሣም።

ይህን ሁሉ አድርገው ሽታው ካልቀነሰ የኬጁን ስፋት ይለኩ። ለአንድ አይጥ ቢያንስ 0.06 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይመከራል፤ ለሦስት 80 በ50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኬጅ ይበቃል። በጠባብ ቦታ ማንኛውም ጉዝጓዝ ቶሎ ይረጥባል። ቦታ ጠበበ ብሎ አንዱን ለብቻው መነጠል ግን አይገባም፤ አይጥ ያለ ጓደኛ ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የጥድ ሰጋቱራ አነጥፋለሁ። ሽታው ደስ ይላል፤ የሽንቱንም ይሸፍናል። ፍሊስ (ለስላሳ ሠራሽ የብርድ ልብስ ጨርቅ) ይሻላል የሚሉኝም አሉ።

መልስ፦ ያ ደስ የሚለው ሽታ ነው ጉዳቱ። እንደ ጥድና ዝግባ ያሉ መዓዛማ እንጨቶች የሚያተኑት ዘይት የአይጥን የመተንፈሻ አካል ይቆጠቁጣል፤ በጉበቱም ላይ ተጽዕኖ አለው። የደቀቀ ሰጋቱራ ደግሞ አቧራው በራሱ ችግር ነው። ከወረቀት የተሠራ እንክብል፣ አቧራው የወጣለት የተከተፈ ካርቶን ወይም አስፐን የሚባለውን ዛፍ ፍቅፋቂ ይምረጡ፤ ውፍረቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ፍሊስ ብቻውን ሽንት አይዝም፤ ወደ ታች ያሳልፈዋል። ከሥሩ ፎጣ ወይም ሌላ የሚመጥ ጨርቅ ካልተደረገ ሽንቱ ትሪው ላይ ይተኛል። በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ መታጠብ አለበት። የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩበት፤ ክሩን ሸፍኖ ሽንቱን ወደ ታች እንዳያሳልፍ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ አይጦችን በአንድ ቦታ እንዲጸዳዱ ማስለመድ ይቻላል?

መልስ፦ በጠጡን አዎ፣ ሽንቱን በከፊል። አይጦቹ ራሳቸው የመረጡት ማዕዘን አለ፤ ሁለት ሦስት ቀን በጠጡ የት እንደሚበዛ ይመልከቱና ለመጸዳጃ የሚሆን ትንሽ ትሪ እዚያው ያኑሩ። እርስዎ የመረጡት ቦታ ላይ አድርገው እነሱን ለማሳመን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። በትሪው ውስጥ የሚያደርጉት ከወለሉ ጉዝጓዝ የተለየ ይሁን፤ ወለሉ ካርቶን ከሆነ ትሪው የወረቀት እንክብል ይሁንለት። ልዩነቱን በእግራቸው ካልለዩት አይለምዱም። ሌላ ቦታ የወደቀውን በጠጥ እየለቀሙ፣ ሽንት የነካውን ወረቀትም ጭምር፣ ወደ ትሪው ይውሰዱ። ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ በትሪው መካከል ቢያስቀምጡ ብዙ አይጦች እላዩ ላይ መሽናት ይወዳሉ፤ ድንጋዩን በየቀኑ ማጠብ ነው። ትሪው ራሱ በየቀኑ ካልተለወጠ ግን ጥለውት ወደ ሌላ ማዕዘን ይሄዳሉ።

ጥያቄ፦ የአንዱ ወንድ አይጥ ጀርባ ብርቱካናማ ቅባት ይዟል፤ ይሸታልም። በሳሙና ልጠበው?

መልስ፦ አይጠቡት። ያልተኮላሸ ወንድ ቆዳው እንዲህ ያለ ቅባት ማመንጨቱ የተፈጥሮ ነው። ሳሙና ሲያነሣው ቆዳው ይደርቃል፤ ቅባቱም ተመልሶ ይመጣል። ለብ ባለ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጠጉሩን ተከትለው ቢጠርጉት በቂ ነው። ማኮላሸት ቅባቱንም ምልክት ማድረጉንም ይቀንሳል፤ ለሽታ ብቻ ሲባል ግን በማደንዘዣ ሥር ማስገባት አይመከርም።

ጥያቄ፦ ሴቷ አይጤ ታስነጥሳለች፤ አፍንጫዋ ላይ ደም የሚመስል አያለሁ። ኬጁ ለእኔ አይሸተኝም።

መልስ፦ የሰው አፍንጫ የለመደውን ሽታ መስማት ያቆማል። ከውጭ ሲገቡ፣ ሌላ ነገር ሳይነኩ፣ አፍንጫዎን እሷ በምትተኛበት ከፍታ ኬጁ አጠገብ ያድርጉ። ጥቂት እንኳ ከሰነፈጠዎ ለእሷ ብዙ ነው፤ ቀን ከሌት እዚያው ትተነፍሰዋለችና። ማይኮፕላዝማ ፑልሞኒስ የሚባለው ባክቴሪያ በአብዛኞቹ ለማዳ አይጦች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አሞኒያ የመተንፈሻ ቧንቧውን ሲያቆስል በሽታው ይነሣል።

ቀዩ ነገር ብዙ ጊዜ ደም ሳይሆን ፖርፊሪን ነው፤ ከዓይን ጀርባ ካለ ዕጢ ይመነጫል፤ ሲጨነቁ ወይም ሲታመሙ ይበዛል። የጉዝጓዙን ዓይነት በቅርቡ ቀይረው ከሆነ የአቧራው ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ወደ ቀድሞው መልሰው ይዩ። ስትተነፍስ ድምፅ ካሰማች፣ ጎኗ እየገባ ከወጣ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ከተቀመጠች ወይም መብላት ከተወች ግን ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። ከሰውነቷ የሚወጣ የብስባሽ ሽታ፣ ከብልቷ የሚፈስ ፈሳሽ ወይም ተቅማጥ ካለም እንዲሁ፤ ይህን ዓይነቱን ሽታ ጽዳት አያስወግደውም።

ጥያቄ፦ ኤር ፍሬሽነር ወይም የአየር ማጣሪያ ማሽን ይረዳል?

መልስ፦ ኤር ፍሬሽነር፣ ዕጣን፣ ሽታ ያለው ሻማና የዘይት ሽቶ አይጦቹ ባሉበት ክፍል አይግቡ፤ አሞኒያውን ሳይቀንሱ ሌላ የሚቆጠቁጥ ነገር ይጨምራሉ። ሄፓ ማጣሪያ አቧራውን እንጂ ጋዙን አይይዝም፤ ማሽን ከገዙ የከሰል ማጣሪያ ያለበትን ይምረጡ። ኦዞን የሚያመነጨውን በፍጹም አያስገቡ። የመስታወት ገንዳ ውስጥ ከሚኖሩ ግን ከማሽኑ በፊት ገንዳውን በሽቦ ኬጅ ይተኩ፤ በገንዳ ውስጥ አየር ስለማይዘዋወር አሞኒያው ታች ይታመቃል። ኬጁንም ከግድግዳው ጥቂት አርቀው፣ ነፋስ በቀጥታ በማይመታው ቦታ ያቁሙት።