ጥያቄና መልስ፦ ከአፍ የወጣ፣ ከእግር የወጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በጥንቷ ህንድ የሰውን ደረጃ ሃይማኖት ይወስን ነበር ይባላል። እንዴት? (ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ልጄ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሪግቬዳ በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ አንድ መዝሙር አለ። ፑሩሻ የተባለ ታላቅ ፍጡር ተሠዋ ይላል። ከአፉ ካህናቱ ብራህሚኖች፣ ከክንዱ ተዋጊዎቹ፣ ከጭኑ ገበሬውና ነጋዴው፣ ከእግሩ አገልጋዮቹ ሹድራዎች ወጡ። 4ቱ ቫርና ይባላሉ። የዕለት ኑሮን የሚገዛው ግን ጃቲ ነው፤ ሰው የሚወለድበት ወገን፣ ብዙ ጊዜም ከሙያ ጋር የተያያዘ። ከማን ጋር እንደምትበዪ፣ ማንን እንደምታገቢ የሚወስነው እሱ ነው። ቆዳ ፋቂውን የመሰሉት ደግሞ ከ4ቱም ውጭ ተጥለው «የማይነኩ» ተባሉ።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ ትለኛለች። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ጀበና ትሸጥ ነበር። ሰዉ በሠራችው ጀበና ቡና ያፈላል፤ እሷን ግን ቡና ጠጪ ብሎ አይጠራትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የእኛን ንቀት እኮ መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም አላዘዘውም!

ህንድ ውስጥም ዝም አልተባለም። ቡድሃ፣ ሰው የሚከበረው በትውልዱ ሳይሆን በሥራው ነው ብሎ አስተማረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የጸናው የህንድ ሕገ መንግሥት ሰውን «የማይነካ» ማድረግን ከለከለ። የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ አምቤድካር፣ ራሱ «አትንካን» እየተባለ ያደገ ሰው ነበር።