የጠመኔው መስመር

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት የመርከብ ኢንጂነር ደወለልኝ። ባሕር ዳር ሠልጥኖ የውጭ መርከብ ላይ ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ኮንትራቱ ነው። «ጋሼ፣ ያልፈተሽኩትን ነገር ፈትሻለሁ ብለህ ፈርም አሉኝ። ምን ላድርግ?» አለኝ። አትፈርም አልኩት። እሺ አለ። ግን ድምፁን ሰማሁት፤ ነገ እንደሚፈርም አወቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ሳስበው መልሴ ባዶ ነበር። አትፈርም ማለት ቀላል ነው፤ ኮንትራቱ የእኔ አይደለማ።

ስለዚህ እንደገና ልሞክር። ለእሱም ለእናንተም ነው። በአንዲት የጃፓን መርከብ ዞሬ ነው የምመጣው፤ ታገሡኝ። ዓመታቱን በፈረንጅ፣ ሰዓቱን በእኛ አደርገዋለሁ።

መርከቧ ሺናኖ ትባላለች፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከብ ናት። ስትጀመር አውሮፕላን ተሸካሚ አልነበረችም። በ1940 ዮኮሱካ በሚባል የጃፓን ወደብ ሥራዋ ሲጀመር ለያማቶ እና ለሙሳሺ ሦስተኛ እህት እንድትሆን ነበር። እነዚያ ሁለቱ በዓለም ላይ ከተሠሩት ባለ መድፍ የጦር መርከቦች ሁሉ ትልቆቹ ናቸው። በ1942 ግን ጃፓን ሚድዌይ ደሴት አጠገብ ከአሜሪካ ጋር በአንድ ውጊያ አራት አውሮፕላን ተሸካሚዎቿን አጣች። አካጊ፣ ካጋ፣ ሶርዩ፣ ሂርዩ። የባሕር ኃይሉ ደነገጠ። በግማሽ የቀረችውን ሺናኖን ወደ አውሮፕላን ተሸካሚ ለውጡልን ተባለ።

እንዲህ ያለ ለውጥ ለእኛ ሙያ ራስ ምታት ነው። ቤት ለመኖሪያ ብላችሁ መሠረት ጥላችሁ፣ ግድግዳውን አቁማችሁ፣ ከዚያ «ወፍጮ ቤት አድርጉት» እንደመባል ነው። ይሠራል፤ ግን እያንዳንዱ ቧንቧና ኬብል እንደገና ይታሰባል። ሥራው እስከ 1945 ሊፈጅ ታቅዶ ነበር። በ1944 ክረምት ጃፓን ፊሊፒንስ ባሕር ላይ ሦስት ተሸካሚዎች ደግማ ስታጣ፣ በወራት አሳጥሩት የሚል ትእዛዝ መጣ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ኦክቶበር 5 መርከቧ ያለችበት ድራይ ዶክ፣ ማለትም ውሃው ወጥቶ መርከብ የሚሠራበት ገንዳ፣ ውሃ ሲሞላ፣ የዶኩ በር በደንብ ክብደት አልተሰጠውም ነበርና ተነሣ። ባሕሩ ዘሎ ገባ። 266 ሜትር ርዝመት ያላት መርከብ ከዶኩ ግድግዳ ጋር ተላተመች። አፍንጫዋ ከውሃ በታች ተጎዳ። ጠገኗት። ኖቬምበር 19 ቀን 1944 ተጠናቀቀች ተብሎ ለባሕር ኃይሉ ተሰጠች።

ተጠናቀቀች ሲባል በወረቀት ነው። ውሃ የማያስገቡ በሮቿ አብዛኞቹ አልተገጠሙም። ለኬብል፣ ለቧንቧ፣ ለአየር መስመር ብለው ግድግዳዎቿን የበሷቸው ቀዳዳዎች አልተደፈኑም። ክፍሎቿ በታመቀ አየር ተሞልተው መፈተሽ ነበረባቸው፤ ለብዙዎቹ ይህ ፍተሻ ተሰረዘ። ለሞተሯ እንፋሎት ከሚያፈሉት 12 ቦይለሮቿ የሚሠሩት 8 ነበሩ። ውሃ ለማውጣትና እሳት ለማጥፋት ከሚያስፈልጉት ፓምፖች የጎደሉም ነበሩ። አብዛኛው ባሕረኛዋ ባሕር ላይ ሠርቶ አያውቅም።

የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ስለሚመጡ ከዮኮሱካ ውጡና ቀሪው ሥራ ኩሬ በምትባል ሌላ የወደብ ከተማ ይሠራ ተባለ። አዛዧ ካፒቴን ቶሺዮ አቤ ጉድለቱን ዘርዝሮ ጉዞው ይዘግይ ብሎ ጠየቀ። አይሆንም ተባለ። ኖቬምበር 28፣ በእኛ ኅዳር 19 ቀን 1937 ማለት ነው፣ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ሦስት አጃቢ መርከቦች ይዛ ወጣች። 50 ኦካ የሚባሉ ሰው እየነዳቸው የሚፈነዱ ቦምቦች ጭናለች። ከ2,175 ባሕረኞችና 40 ሲቪል ሠራተኞች ጋር 300 የመርከብ ግንባታ ሠራተኞችም ተሳፍረዋል። ለምን? ሥራው አላለቀማ። እየሄዱ ሊሠሩ ነው።

እነዚያ 300 ሰዎች ብዙ ጊዜ ትዝ ይሉኛል።

አሁን ለአፍታ ሺናኖን ጨለማው ውስጥ ልተዋትና ስለ በር ልንገራችሁ። የመርከብ በር እንደ ቤት በር አይደለም። ከባድ ብረት ነው፤ ዙሪያውን ጎማ አለው። ማቀፊያው ላይ ከጎማው ጋር የሚገጥም የብረት ጠርዝ አለ። ስትፈትሹት ጠመኔ ትይዛላችሁ። ጠርዙን ዙሪያውን ትቀቡታላችሁ። በሩን ዘግታችሁ እጀታዎቹን አንድ በአንድ ታጠብቃላችሁ። ከዚያ ትከፍቱታላችሁ። ጎማው ላይ ነጭ መስመር ታትሟል። መስመሩ ሳይቋረጥ ዞሮ ከገጠመ በሩ ደኅና ነው። ከተቋረጠ፣ ውሃው የሚገባው በዚያች በተቋረጠችው ጣት በምታክል ቦታ ነው። ለአንድ በር ቢበዛ አሥር ደቂቃ ይፈጃል።

በ26 ዓመቴ ሦስተኛ ኢንጂነር ነበርኩ። መርከባችን ድራይ ዶክ ገብታ ነበር። (ደረቅ ወደብ አላልኩም፤ እሱ ሞጆ ነው።) ባለቤቶቹ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ጭነቱ ወደብ ላይ ቁጭ ብሏል። እኔ 14 በሮች እንድፈትሽ ተሰጠኝ። ሲመሽ 8 ጨርሻለሁ። አለቃዬ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ከላይ ተይዟል። «ፈርምና ና፣ እራት ቀረበ» አለኝ። 14ቱንም ፈርሜ እራቴን በላሁ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፌንም ተኛሁ።

በአምስተኛው ቀን ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ማዕበል መታን። ፊት ለፊት ያለው ዕቃ ቤት ውሃ ገባ። ወለሉ ላይ ውሃው ጉልበት ደርሷል፤ ገመዱ፣ ቀለሙ፣ ጣውላው ይንሳፈፋል። አንድ በዕድሜ የገፋ ባሕረኛ ሊያወጣ ወርዶ ተንሸራተተ። ክንዱ ተሰበረ። ማታ የመርከቡ አዛዥ ጠራኝና «ያ በር ተፈትሾ ነበር?» አለኝ።

ልብ በሉ፤ መዋሸት አላስፈለገኝም። አላስታወስኩም። የትኞቹን ስምንት እንደፈተሽኩ ጠፍቶብኛል። ወረቀቱን አወጣሁ። «ተፈትሿል» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። እኔም ወረቀቱን አመንኩት። «አዎ፣ ተፈትሿል» አልኩ። ሽማግሌው ክንዱን ታስሮ ከአጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አንድም ቃል አልነገርኩትም።

ወደ ሺናኖ ልመለስ። ምሽት 2፡48 ላይ አርቸርፊሽ የምትባል የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ በራዳሯ አገኘቻት። አዛዧ ጆሴፍ ኢንራይት ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ተከታተላት። ሺናኖ በአራት ቦይለር እንኳ ጎድላ ከእሱ ትፈጥን ነበር፤ አምልጣ ልትሄድ ትችል ነበር። ከምሽቱ 5፡22 ላይ ግን አንዱ የፕሮፔለር ሻፍት ኩሽኔታው ጋለ። ፍጥነቷ ወደ 18 ኖት ወረደ። አንድ ኩሽኔታ! ሞተር ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ እጁ ሳያስበው ብረቱን ሊዳስስ ይሄዳል። ከዚያ ላይ ባሕር ሰርጓጆች ከብበውኛል ብሎ የሰጋው አቤ መንገዱን እያጣመመ ይጓዝ ነበር፤ በመጨረሻ የዞረው ወደ አርቸርፊሽ አቅጣጫ ሆነ።

ከሌሊቱ 9፡15 ላይ ኢንራይት ስድስት ቶርፔዶ፣ በውሃ ውስጥ የሚወነጨፍ ቦምብ ማለት ነው፣ ለቀቀ። አራቱ መቱ።

አራት ቶርፔዶ ይህችን መርከብ መግደል አልነበረበትም። እህቷ ሙሳሺ ከአንድ ወር በፊት ነበር የሰመጠችው፤ ያውም ወደ 20 የሚጠጋ ቶርፔዶ እና ከደርዘን በላይ ቦምብ ችላ። አቤም ይህንኑ ሳያስብ አልቀረም። ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም ብሎ ገመተ። በዚያው 18 ኖት ቀጥሉ አለ።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እዚህ ቦታ ላይ ያለው ነገር ነው። ይህ ሰው ከጉዞው በፊት ሁሉንም ያውቅ ነበር። በሮቹ እንደሌሉ፣ ቀዳዳዎቹ እንዳልተደፈኑ ራሱ ነው ለአለቆቹ የነገረው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ያዘዛት እንዳለቀች መርከብ ነው። ባለ ሙሉ በር፣ ባለ ሙሉ ፓምፕ፣ የያማቶ እህት አድርጎ። ፍጥነቱ ውሃውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ገፋው። ውሃው ከክፍል ወደ ክፍል በኬብል ቀዳዳ ተሻገረ። ሰዎቹ ጨለማ ውስጥ ገና በማያውቁት መርከብ መንገድ ጠፋባቸው። ንድፉም ንጹሕ አልነበረም፤ ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ሲመረምሩት የጎን ብረቷ መጋጠሚያ ደካማ እንደነበር ጽፈዋል። ግን በር ያለው መርከብ ቢሆን ቢያንስ ጊዜ ይገዛ ነበር።

ሲነጋ ሞተሯ ቆመ። ሁለት አጃቢዎች ሊጎትቷት ሞከሩ፤ ገመዱ ተበጠሰ። ረፋድ 4፡18 ላይ ውጡ ተባለ። 4፡57 ላይ ተገልብጣ ሰመጠች። ከወደብ ከወጣች 17 ሰዓት ገደማ ነው። 1,435 ሰዎች አለቁ፤ አቤም አብሮ ቀረ። የተረፉት 1,080 ሰዎች ወሬው እንዳይወጣ ለሳምንታት አንዲት ደሴት ላይ ተገልለው ቆዩ። የጦርነት ታሪኳ በቃ ይኸው ነው። አንድ የጦር አውሮፕላን እንኳ ለውጊያ አላስነሳችም። እስከ ዛሬ ባሕር ሰርጓጅ ካሰመጣቸው የጦር መርከቦች በትልቅነት የሚስተካከላት የለም።

እና አንተ ስልክ የደወልከው ልጄ፣ መልሴ እንዲህ ነው። ጉዞውን ማስቆም ሁልጊዜ በእጅህ አይሆንም። አቤም አልቻለም። ወረቀቱ ላይ ግን የምትጽፈው በእጅህ ነው። «8 ተፈትሸዋል፣ 6 ቀርተዋል» ብለህ ጻፍ፤ የቀሩትን በቁጥራቸው ጥቀስ፤ ከዚያ ፈርም። ይናደዳሉ። እኔ እንደዚያ ጽፌ አንድ ኮንትራት አልታደሰልኝም፤ አልዋሽህም። ቤት ኪራይ ተበድሬ የከፈልኩበት ጊዜ ነበር። ቢሆንም ያ ወረቀት ለአለቃህ ብቻ አይደለም። ሌሊት ደክሞህ፣ ውሃ ገብቶ፣ ማስታወስ ሲያቅትህ ለራስህ ነው። በሸሚዝ ኪስ የሚገባ ደብተር ያዝ። የሠራኸውን ሳይሆን ያልሠራኸውን ጻፍበት። እኔ ከዚያ ክንድ በኋላ እስከ ጡረታዬ 31 ደብተር ጨርሻለሁ። ባለቤቴ «የኃጢአት መዝገብ» ትላቸዋለች።

ስለ ኢንራይት ደግሞ አንድ ነገር። ሰዎች የሚያወሩለት ያችን ሌሊት ነው። በ1943 ግን ዴስ የምትባል ሌላ ባሕር ሰርጓጅ አዛዥ ነበር። ትልቅ የጃፓን ተሸካሚ በአጠገቡ ስታልፍ ሳይደፍር አመለጠችው። ተመልሶ አለቆቹን ሌላ ሰው ተኩብኝ አላቸው። አስቡት፤ በጦርነት መሐል፣ በራሱ አፍ። ተነሣ፤ የብስ ላይ ሥራ ተሰጠው። በኋላ እንደገና አመኑት፤ አርቸርፊሽን ሰጡት። ትልቅ ተሸካሚ አሰመጥኩ ብሎ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ አላመኑትም። ጃፓን እንዲህ ያለ መርከብ እንዳላት አያውቁም ነበር። መጠኗ በትክክል የታወቀው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

ያ ሽማግሌ ባሕረኛ ከሞተ ቆይቷል። ልነግረው ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ቡና ጠጥተን፣ ስለ ድሮ ወደቦች ተጫውተን ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ቤት ነበርኩ። ፍሪጁ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ወተቱ እየተበላሸ ተቸግረዋል። መካኒክ ሊጠሩ ነው። ጠመኔ አለ? አልኩ። ሳቁብኝ። የልጅ ልጄ ከደብተር ቦርሳዋ አንድ ስባሪ አምጥታ ሰጠችኝ። ጠርዙን ቀባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩት። አብረን ጎንበስ ብለን ጎማውን አየነው። መስመሩ ከታች በግራ በኩል ተቋርጧል። «እዚህ ጋ ነው፣ አባባ» አለችና ጣቷን አስገባችበት።