ሂፖ ያሳድጋል ወይስ ያግዳል?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ለተማሪዎቼ አጭር ማስታወሻ ሳዘጋጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የጉማሬ መንገድ የሰውነት ክፍሎችን የሚያሳድግና ካንሰር የሚያስከትል የሴሎች መልእክት ነው።» ባልደረባዬ አንብባ ሳቀች። ያሳቃት ጉማሬው ነው ወይስ ሌላም ስህተት አለው?

መልስ፦ ጉማሬው ሳያስቃት አልቀረም። እኔን ያሳሰቡኝ ግን ሁለቱ ግሦች ናቸው፤ «የሚያሳድግ» እና «የሚያስከትል»። ሁለቱም ነገሩን ገልብጠውታል።

ከስሙ እንነሳ። በ2003 እ.ኤ.አ. በርካታ የምርምር ቡድኖች በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሲሠሩ በየፊናቸው እዚህ ዘረመል ላይ ደረሱ። ዘረመሉ ሲበላሽ የዝንቧ ጭንቅላት ከልክ በላይ ይተልቃል፤ ላዩም ይጨማደዳል። መልኩ ጉማሬ አስመሰለውና «ሂፖ» ተባለ፤ በእንግሊዝኛ ጉማሬ ማለት ነው። የዝንብ ተመራማሪዎች ልማዳቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘረመልን የሚሰይሙት በሚሠራው ሥራ ሳይሆን ሲጠፋ በሚታየው ጉድ ነው። በ2005 የተገኘው ዮርኪ የተባለ ሌላ የዝንብ ዘረመልም ስሙን ያገኘው ከትንሿ የዮርክሻየር ውሻ ነው፤ እሱ ሲጠፋ አካሉ ይኮሰምናል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ሂፖ ሲጎድል ይተልቃል፤ ዮርኪ ሲጎድል ያንሳል። ስለዚህ የሚያሳድገው ዮርኪ ነው። ሂፖ የሚያግድ ነው። «ጉማሬ» ብለው ሲተረጉሙት ተማሪው ግዙፍ ነገር ይታየውና «ያሳድጋል» ቢሉት ሳይጠይቅ ይቀበላል። ስሙን እንዳለ «ሂፖ» ይበሉት፤ የጉማሬውን ታሪክ ክፍል ውስጥ ይንገሯቸው።

«መንገድ» ስህተት አይደለም፤ ብዙዎች ይጽፉታል። ግን መንገድ ላይ አንድ ሰው ከዳር እዳር ይሄዳል። እዚህ የሚሆነው ሌላ ነው። በእኛ ሰውነት የሂፖ አቻ የሆኑት፣ ኤምኤስቲ የተባሉት ፕሮቲኖች ላትስ የተባሉትን ያነቃሉ። ላትስ ደግሞ ያፕ የተባለው ፕሮቲን ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይለጥፋል፤ ያፕ የዝንቧ ዮርኪ አቻ ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ያፕ ከኒውክሊየስ ውጭ ይቀራል ወይም ይፈርሳል። ላትስ ዝም ካለ ግን ያፕ ዘው ብሎ ይገባና ቲድ ከተባሉት ፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ ሴሉን እንዲባዛና እንዳይሞት የሚያደርጉ ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። ከእጅ ወደ እጅ ነው ነገሩ። እኔ ብሆን «የመልእክት ቅብብል» እለዋለሁ።

አሁን ወደ «የሚያስከትል» እንምጣ። «መኪናው ፍሬን በጥሶ ሰው ገጨ» እንላለን። «ፍሬኑ ሰው ገጨ» የሚል ግን የለም። ካንሰር የሚከተለው ከሂፖ አይደለም፤ ከሂፖ መቋረጥ ነው። አማርኛ ለዚህ የሚሆን በቂ መሣሪያ አለው፤ «ሲቋረጥ»፣ «ሲጎድል»፣ «ሥራውን ሲያቆም» ማለት ይቻላል። አንዷን ቃል መጨመር የሰነፈ ዓረፍተ ነገር ተጠያቂውን ይቀያይራል።

ጊዜውንም አይርሱ። በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ላይ የአይጥ ጉበት ውስጥ ያፕ ከመጠን በላይ እንዲመረት ተደረገ። ጉበቱ በሳምንታት ውስጥ አምስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ትርፉ የያፕ ምርት ሲቆም ጉበቱ ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ሳይቆም ሲቆይ ግን ካንሰር ወጣበት። ስለዚህ መተለቁና ካንሰሩ አንድ ነገር አይደሉም፤ «ሲቆይ» የምትለው ቃል መሐላቸው መግባት አለባት። «ሊ…ይችላል»ም ያስፈልጋል፤ ካንሰር ሁሉ በዚህ ቅብብል የመጣ አይደለምና። ለሰው ምሳሌ ከፈለጉ፣ ከአስቤስቶስ ብናኝ ጋር የሚያያዘው የሳንባ ሽፋን ካንሰር አለ። እዚያ ውስጥ ቅብብሉን የሚያግዘው ኤንኤፍ2 የተባለ ዘረመል ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ይገኛል።

«ማደግ» ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ልጅ ያድጋል፣ ንግድ ያድጋል፤ ቃሉ ደስ የሚል ነገር ያስታውሳል። የአይጧ ጉበት የተለቀው በዋናነት ሴሎቹ ስለተባዙ ነው። «መባዛት» ቢሉ ተማሪው ምን እንደሆነ ያያል።

እንዲህ ቢሉትስ፦ «የሂፖ የመልእክት ቅብብል ሴሎች ከልክ በላይ እንዳይባዙ እያገደ የሰውነት ክፍሎችን መጠን ይቆጣጠራል፤ ቅብብሉ ተቋርጦ ሲቆይ ካንሰር ሊከተል ይችላል።» ረዘም ብሏል፤ ግን ባልደረባዎ የሚስቁበት አይመስለኝም።

«ካንሰር» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። «ነቀርሳ» የቆየ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሰዉ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲል ቲቢ ማለቱ ስለሆነ ለተማሪ ያምታታል። ቀጥሎ «ዕጢ» የሚል ቃል መጠቀምዎ ስለማይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ታይሮይድም ዕጢ ነው፣ የማያስፈልግ እባጭም ዕጢ ይባላል። የትኛውን ማለትዎ እንደሆነ አጠገቡ ይጻፉት።